ጉም የወረደበት ክፍለ ጊዜ

ዛሬም መብራት የለም። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ
ጨርቅ እንደለበሱ ቁጭ ብለው ያያሉ።
ጦሳ ጉሙን ለቆ፣ በመስኮቱ ቀዳዳ
ይገባል ሳያንኳኳ፣ እንደ አጉል እንግዳ።
እኔ በጠመኔ ስልክ ሣልሁ በሰሌዳ፤
አራት ማዕዘን ነገር፣ ጠርዙ የተንጋደደ።
«ቲቸር፣ ይሄማ በር ነው!» ብሎ አንዱ ቀለደ።
ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ልጁ መች ተሳሳተ፣
በር ነው፤ ያውም ሌሊት ተከፍቶ የሰነበተ።

በሁለት ቀን ሥልጠና፣ ከምሳ ጋር የሰጡኝን
አምስት ነጥብ አወጣሁ፦
«የይለፍ ቃላችሁን ለማንም አትስጡ፤
የልደት ቀን አይሁን፤ በየጊዜው ለውጡ።
‹እንኳን ደስ ያለህ› ብሎ ሽልማት ካወራልህ፣
ሎተሪ ሳትቆርጥ ዕጣ ከየት ወጣልህ?»
እንድሪስ ያዛጋል። ሙህዬ ከኋላ
ስልኩ ፊቱን አብርቶት ይስቃል ለሌላ።

ወረቀቱን አጠፍሁ።
መስኮቱን አሳየሁ።

«ከዚህ እስከ ፒያሳ መንገዱ ይታያል?
ደሴን ማን አያት ዛሬ? ጉም ሁሉን ሸፍኗል።
አንድ ሰው ከዚያ ውስጥ ስምሽን ቢጠራ፣
‹የእናትሽ ዘመድ ነኝ፣ ነይ እንሂድ በጋራ›
ቢልሽ፣ ፊት ሳታዪ እጅሽን ትሰጫለሽ?»
«ኧረ ወላሂ ቲቸር!» አለችኝ ብርነሽ፣
አንገቷ ላይ ማተብ፤
«‹ማነህ? የማን ልጅ ነህ? ወዴት ነው ሰፈርህ?›
ሳልል ንቅንቅ የለም፤ ድንጋይም አለልህ!»

«ታዲያ በቴሌግራም፣ መልኩን የተበደረ፣
ስሙን ትናንት ማታ ለራሱ የፈጠረ፣
‹ቆንጆ› ስላለሽ ነው፣ ‹ማነህ› ሳይባል ያደረ?»

ዝም። ሙህዬ ስልኩን ቀስ ብሎ ዘጋ።
ጉሙም አንድ ወንበር ወደ እኛ ተጠጋ።

የጠመኔ ካርቶን አዞርሁ በየረድፉ፤
«ስም የለም» አልኋቸው፤ «ጥያቄ ብቻ ጻፉ።»
አንዱ፦ «ከቲክቶክ ላይ ብር እንዴት ይገኛል?»
አንዱ፦ «ቲቸር፣ ሰርግህ መቼ ይደገሳል?»
ከሁሉም ከታች፣
አራት ጊዜ የታጠፈች፣ ጥፍር የምታህል፦

«ፎቶውን ከላክሁ በኋላስ?»

እጄ ላይ ቀረች።
ጽሑፉን አውቀዋለሁ። የ«ላ»ን እግር አስረዝማ፣
የ«በ»ን ትከሻ ሰብራ የምትጽፍ አንዲት ናት፤
ሰኞ ዕለት አርሜላታለሁ፣ ዘጠኝ ከአሥር።
«ስም የለም» ያልሁት እኔ
ስሟን አነበብሁት።
ዐይኔ ወደ ሦስተኛው ረድፍ እንዳይሄድብኝ
እንደ በሬ ጎትቼ ሰሌዳው ላይ አሰርሁት።

«ይቺን እኔው ነኝ የጻፍኋት» አልሁ፣ «እንዳልረሳ ብዬ።»
እኔም እንደዚያ ሰው የሌላ መልክ ለበስሁ፤
እሱ ሊገፍፍ ነው፤ እኔ ግን ላለብስ።

«አትክፈሉት፤ አንዴ አሥር ብር የቀመሰ፣
ነገ መቶ ይላል፤ ሲሰጡት መች ታገሠ?
የጻፈውን አታጥፉ፤ ማስረጃ ነው፣ ይቀመጥ።
ከዚያ ለአንድ ሰው ንገሩ። ለአንድ። ለአክስት፣ ለታላቅ፣ ለእኔ።
ያመነ ሰው አይደለም ጥፋተኛው፤ ያስፈራራው ነው።
ገበና የያዘ ሌባ፣ ዝምታ ነው ቀለቡ፤
ንገሩ፤ በነገራችሁ ቀን ይጀምራል ረሃቡ።»

ይሄ ከአምስቱ ነጥብ ውስጥ አልነበረም።
ድምፄም ትንሽ ተንቀጥቅጧል መሰለኝ፤
እንድሪስ እንኳ ማዛጋቱን ትቶ ነበር።

ደወል ተደወለ።
ወረቀቷን ወደ ካርቶኑ አልመለስኋትም፤
እንደገና አራት ጊዜ አጥፌ
የሸሚዝ ኪሴ ውስጥ፣ ከመነጽሬ ሥር አኖርኋት።

አሥራ አንድ ሰዓት። በሩ ላይ ጉሙ ወፍሯል።
ወደ ቧንቧ ውሃ የሚወርድ ባጃጅ
መብራቱ ብቻ አለፈ፣ ባጃጁ ሳይታይ።
ከኋላዬ እርምጃ።
ቆምሁ፤ ቆመ። ሄድሁ፤ ሄደ።
«ቲቸር» አለ ድምፅ፣ ቀጥኖ፣ ጉም ለብሶ።

ቀኑን ሙሉ ያስተማርሁት ቃል
ምላሴ ጫፍ ድረስ መጣ።
ዋጥሁት።
የስልኬንም ባትሪ አላበራሁም።

«ይበርዳል» አልሁ፣ ወደ ፊት እያየሁ፤
«እየሄድን ንገሪኝ።»